ፀሐይ መታው የተባለው ወተት

እማማ ሀሊሜ ሆስፒታል የሄዱት ለጠብ አልነበረም። የእህታቸው ልጅ አይሻ ወንድ ልጅ ተገላግላ ስለ ነበር፣ ገንፎ በድስት ይዘው ሊጠይቋት ነው። ጊዜው በ1963 ዓ.ም. ወርኃ ጥቅምት ነው፤ ዝናቡ ከአሰላ ወጥቶ የቀትር ፀሐይ አናት የምትበሳበት ሰሞን። እማማ ሀሊሜ ወተትና ቅቤ ሸጠው ቤት ያቆሙ ሴት ናቸው። የእሳቸውን ወተት ገበያተኛው ሳይቀምስ ይገዛዋል። ስለ ወተት የሚያስተምረኝ ሰው ገና አልተወለደም ብለው ያምኑ ነበር፤ እውነት ለመናገር እምነታቸው አብዛኛውን ጊዜ ልክ ነበር።

የወላዶች ክፍል በረንዳ ላይ ሲደርሱ የሚያውቁት ድምፅ ሰሙ። አንዲት ነጭ ቆብ ያደረገች ተማሪ ነርስ ሕፃን የታቀፉ እናቶችን ሰብስባ፣ አንዴ በአማርኛ አንዴ በኦሮምኛ ታስተምራለች።

«እናቶቼ፣ ጡትን ፀሐይ አይመታውም። ገበያ ውላችሁም ሆነ እርሻ ውላችሁ ስትመለሱ ወተቱን መሬት ላይ አትድፉት። እጃችሁን ታጠቡና ለልጁ ስጡት። የምትደፉት የልጃችሁን ምሳ ነው።»

እማማ ሀሊሜ ድስቱን እንደያዙ ደርቀው ቀሩ። ተናጋሪዋ አልጣሽ ናት፤ የገዛ ግቢያቸው ተከራይ!

አልጣሽ የጎበሳ ከተማ ልጅ ናት። አዲስ አበባ የነርስነት ትምህርት ስትማር ቆይታ፣ በመካከሉ አግብታ ወልዳ፣ አሁን የመጨረሻውን የተግባር ልምምድ እንድትፈጽም አሰላ ተመድባለች። ባሏ መርሻ እዚያው ጎበሳ ውስጥ መምህር ነው። ጡት የምትጠባ ልጇን አበራሽን በየማለዳው ለእማማ ሀሊሜ አስታቅፋ ትወጣለች። ስትመለስ ደግሞ እማማ ሀሊሜ እንዳዘዟት ከደጃፍ ትቆምና ከሁለቱም ጡቶቿ ወተቱን አልባ መሬት ላይ ታፈሳለች፤ ልጇን የምታቅፈው ከዚያ በኋላ ነው። ፀሐይ የመታው ጡት ልጅ ይጎዳል ይባላልና። አልጣሽም ይህን ስታደርግ አንድ ቀን ትንፍሽ ብላ አታውቅም።

ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። አበራሽ በቅርቡ መክሳት ጀመረች። እማማ ሀሊሜ «የሆስፒታል ሥራና ጡት ባንድ አይሄዱም» ብለው ፈረዱና፣ ቅዳሜ መጥቶ ልጅቷን ወደ እናቱ ቤት እንዲወስዳት በጎበሳ መኪና ለመርሻ ላኩበት። በሚቀጥለው ሳምንት የአልጣሽ የማታ ተራ ይጀምራል። ከእማማ ሀሊሜ በቀር ልጅ የሚይዝላት ሰው የለም። ወይ ልጇን ትሰጣለች፣ ወይ ትምህርቷን ትታ ወደ ቤቷ ትገባለች። ሌሊት ስታለቅስ እማማ ሀሊሜ በግድግዳው በኩል ሰምተዋል፤ ሐሳባቸውን ግን አልቀየሩም።

አይሻን ጠይቀው እስኪወጡ የአልጣሽ ተራ አለቀና በአጋጣሚ በር ላይ ተገናኙ። መንገዱን አብረው ያዙት።

«አልጣሽ» አሉ እማማ ሀሊሜ ጥቂት እንደ ሄዱ፣ «ከሁለት አንዳችንን ዋሽተሻል። ወይ እነዚያን ምስኪን እናቶች፣ ወይ እኔን።»

«እርስዎን አልዋሸሁም፣ እማማ። ዝም ነው ያልኩት።»

«ዝምታም ሲቆይ ከውሸት ይቆጠራል። እውነቱ የቱ ነው?»

«እውነቱ በረንዳው ላይ የተናገርኩት ነው።»

«ታዲያ ደጃፌ ላይ ቆመሽ ለምን ትደፊያለሽ?»

«እርስዎ ስላዘዙኝ ነዋ! እርስዎ ባይኖሩ ልጄን ለማን እሰጣት ነበር? አቅፈዋት ውለው፣ አጥበዋት፣ አስተኝተዋት ስመጣ፣ ‹ተሳስተዋል› የሚል ቃል ከየት ይውጣልኝ? ውለታዎ አፌን ያዘው።»

ታላቅን ማክበር የአገራችን መልካም ወግ ነው፤ የሚነቅፈው ባለጌ ብቻ ነው። ነገር ግን የአልጣሽ አክብሮት ልክ አጥቶ ለሌሎች የምታስተምረውን የራሷን ልጅ ነፈጋት። የተማረ ሰው እውቀቱን ከቤቱ ደጃፍ ላይ አውልቆ የሚገባ ከሆነ መማሩ ለማን ነው?

እማማ ሀሊሜ ግን በዋዛ የሚረቱ ሴት አልነበሩም።

«ስሚኝ ልጄ፣ ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም። ስለ ወተት እኔን ጠይቂኝ። ጠዋት ያለብኩትን ወተት ፀሐይ ላይ ባስቀምጠው ማታ ምን ይሆናል?»

«ይበላሻል።»

«አየሽ! የላም ወተት ከተበላሸ የሰው ወተት በምን ተአምር ይተርፋል?»

አልጣሽ ነገሩን ከሌላ በኩል ያዘችው። «ላምዎ ቡሬ ቀን የት ትውላለች፣ እማማ?»

«መስክ ነዋ። ሌላ የት ትዋል?»

«ጥላ አላት?»

«ጥላ ማን ይይዝላታል! ከጠዋት እስከ ማታ ፀሐይዋ ጀርባዋ ላይ ናት።»

«ታዲያ ማታ የሚያልቡትን ወተት ፀሐይ መታው ብለው መሬት ላይ ይደፉታል?»

«አብደሻል እንዴ! የማታው ወተት እኮ ነው የሚጣፍጠው። እሱ ግቷ ውስጥ ነው የዋለ፤ ግት ውስጥ ያለ ወተት ደግሞ...»

እማማ ሀሊሜ ንግግራቸውን ሳይጨርሱ አቆሙ።  አልጣሽም ዝግ ባለ ድምፅ፣ «የእኔስ የት ነበር የዋለው፣ እማማ?» አለች።

እማማ ሀሊሜ ከመንገዱ ዳር አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። በዚህ ሁሉ ዘመን ላም ሲያልቡ ኖረው ይህን ነገር አንድም ቀን አለማሰባቸው ራሳቸውን አስገረማቸው። ሰው እጁ ያለውን እውቀት ሌላ ሰው ሳያሳየው የማያይበት ጊዜ አለ።

«ልጅቷ ታዲያ በምን ከሳች?» አሉ ቆይተው።

«ስለራባት ነው። ስመጣ የሞላውን ጡት አፈሰዋለሁ፤ የሚተርፍላት ጥቂት ነው። ጥፋቱ ግን የእኔ ነው። እርስዎ ሳያውቁ አዘዙ፤ እኔ እያወቅሁ ታዘዝኩ።»

«ይሁን። ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ባልሽ ደመወዝተኛ ነው። ምን አንከራተተሽ? ቤትሽ ቁጭ ብለሽ ልጅሽን ብታሳድጊ ምናለበት?»

«አይሻ ስታምጥ፣ ወንድ ሐኪም አይንካኝ ብላ በር በሩን ስታይ አጠገቧ የነበረው ማን ይመስልዎታል?»

«አንቺ ነበርሽ?»

«እኔ ነበርኩ። በኦሮምኛ እያባበልኩ እጇን ያዝኩ። እኔ ቤቴ ብቀመጥ፣ ሌላዋም ብትቀመጥ፣ የአይሻን እጅ ማን ይይዛል?»

እማማ ሀሊሜ አንገታቸውን ነቀነቁ። አይሻ ስለዚያች ነርስ ስታመሰግን ሰምተው ዱዓ አድርገውላት ነበር፤ ማንነቷን ሳያውቁ የገዛ ተከራያቸውን መርቀው ኖሯል።

«የማታ ተራሽስ? እስክትመጪ ልጅቷ በምን ትቆይ? ታልቦ የተቀመጠ ወተት እንደሚበላሽ ግን ማንም አያስክደኝም።»

«አላስክድዎትም፤ ልክ ነዎት። ስለዚህ ልወጣ ስል አልቤ በንጹሕ ኩባያ ከድኜ እተውልዎታለሁ። ብዙ ሳይቆይ በማንኪያ ያጠጧታል፤ የተረፈውን አያስቀምጡም። ኩባያውና ማንኪያው በየጊዜው በውሃ ይቀቀላሉ።»

«ኩባያ መቀቀል ደግሞ ምን ይሉታል?»

«እርስዎ የወተት ዕቃዎን፣ ግሬራዎን፣ ለምን በወይራ ያጥኑታል?»

«ካልታጠነማ ወተቱ ይሸታላ!»

«የእኛም እንደዚያው ነው። እርስዎ በጭስ፣ እኛ በፈላ ውሃ።»

በዚህ ጊዜ እማማ ሀሊሜ ሳቁ። «እንግዲያው እናንተም አንዳንድ ነገር ታውቃላችሁ» አሉ፤ ከእሳቸው አፍ ይህ ትልቅ ምስጋና ነበር።

ከዚያን ዕለት ጀምሮ የቤቱ ሥርዓት ተለወጠ። ኩባያው ይቀቀላል፤ አልጣሽ ስትመጣ ታጥባ ልጇን ወዲያው ታቅፋለች። የማታው ተራ ሲጀምርም በማንኪያ የምትጠጣው አበራሽ ማልቀስ ትታ ትስቅ ጀመር፤ ከወራት በኋላ ጉንጯ ሞልቶ የሚያያት ሁሉ ሊቆነጥጣት ይመኝ ነበር። እማማ ሀሊሜ የተማሩትን ለራሳቸው ብቻ አልያዙትም። ወተት ተራ ለሚቀመጡት ሴቶች በላማቸው እያመሳሰሉ ሲነግሩ፣ አንዲት ወጣት እንኳ ልትከራከራቸው አልደፈረችም። ከእነዚያ ሴቶች ሁለቱ የሌሎች ተማሪ ነርሶችን ልጆች ሊይዙ ፈቀዱ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው እንዲሉ፣ አንዲት እናት ብቻዋን የማትችለው ጎረቤት ሲካፈለው ቀላል ሆነ። አልጣሽም ትምህርቷን ፈጸመች፤ በየመንደሩ ስትዞር እናቶች «የሀሊሜ ልጅ መጣች» ይሏት ነበር፣ እሷም አታርማቸውም።

ይህ ሁሉ ግን ኋላ የመጣ ነው። ያን ቅዳሜ መርሻ ብርድ ልብስ በክንዱ አንጠልጥሎ ከጎበሳ ሲደርስ፣ እማማ ሀሊሜ አበራሽን ታቅፈው በር ላይ ጠበቁት። አልጣሽም ከሥራ ተመልሳ ከኋላቸው ቆማ ነበር።

«እማማ፣ ልጅቷን ውሰድ ብለው ልከውብኝ ነው የመጣሁት» አለ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሥቶ።

«ልኬብህ ነበር። አሁን የትም አትሄድም።»

«እንዴት? ከሳች አላሉም?»

«እኔ ነኝ ያስራብኳት። ሚስትህ ከእኔ ጋር ትማር፣ ልጅህም ከእኔ ጋር ትደግ። አንተ ደግሞ የመጣህበትን ቀን በከንቱ አታሳልፍ፤ እጅህን ታጠብና ያዛት። የወለድካት አንተም ነህ።»

መርሻ ደንግጦ ታጠበና ልጁን ተቀበለ። አያያዙ ቀሽም ነበር፤ ቢሆንም ያዛት። አልጣሽ ከእማማ ሀሊሜ ጉልበት ላይ ወድቃ፣ «እማማ፣ ውለታዎን በምን እከፍላለሁ!» ብላ አለቀሰች።

እሳቸው ግን በሁለት እጃቸው አነሷት። «ገለቶሚ፣ ኢንታላ ኮ» አሉ በኦሮምኛ፤ አመሰግንሻለሁ ልጄ ማለታቸው ነው። «አመስጋኟ እኔ ነኝ። የመጀመሪያ ልጄ ጅብሪል ጡት ላይ ሳለ ነው ከስቶ ከስቶ የሞተብኝ። ሰው ሁሉ ዓይን በላው አለ፤ እኔም አመንኩ። ገበያ ውዬ ስመጣ ጡቴ ሞልቶ ያመኝ ነበር፤ እየሮጥኩ ደጃፍ ላይ እደፋው ነበር።»

አልጣሽ እንባዋን ጠረገች። «እማማ፣ በዚያ ይሁን በሌላ ማንም አያውቅም። ራስዎን አይክሰሱ።»

«እሱን አላህ ያውቃል» አሉ እማማ ሀሊሜ። ከዚያም ወደ መርሻ ሄዱና አበራሽን ከእጁ ተቀብለው ለእናቷ ሰጧት። «የጅብሪልን ወተት መሬት ጠጣው። የእሷን እሷ ትጠጣ።»