ሼህ አላህ ያውቃል እና ባዶዎቹ ክቦች

መድኃኒት ቤቴ ከቁርአን ትምህርት ቤቱ፣ ከመድረሳው፣ ፊት ለፊት ነው። ደንበኛ ሲጠፋ፣ አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ ይጠፋል፣ ባንኮዬን ተደግፌ ማዶውን ማየት ሥራዬ ሆኗል። ድሮ ከዚያ ቅጥር የሚወጣው የልጆች ጫጫታ ጆሮ ያደነቁር ነበር። ልጆቹ አንድ በአንድ ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት ሄዱ። አሁን የሚሰማው የአንድ ሽማግሌና የአንዲት ልጅ ድምፅ ብቻ ነው።

ሽማግሌውን ሰፈሩ «ሼህ አላህ ያውቃል» ይላቸዋል። እርግጠኛ ያልሆኑበትን ነገር ከጠየቋቸው መልሳቸው ይኸው ነው። ደመናው አናታችን ላይ ተደፍቶ «ሼህ፣ ሊዘንብ ይሆን?» ብላቸው እንኳ «አላህ ያውቃል» ብለው ጃንጥላቸውን ይዘረጋሉ። ልጅቷ የልጃቸው ልጅ ናት። እናቷ ስትሞት አሳደጓት፣ ቁርአን አቀሯት፤ በዚያ ሰፊ ግቢ ያለቻቸውም እሷው ብቻ ናት። ዘንድሮ በግል ተፈታኝነት አገር አቀፉን ፈተና ወሰደችና ወደቀች። ሰፈሩ ጉድ አለ፤ እንደሷ ያለ ቀልጣፋ ልጅ አላየንማ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሼሁ የዐይን ጠብታ ሊገዙ ገብተው ሳለ ዝናቡ ወረደ። ዝናቡን ሸሽታ አንዲት ወጣት ዘው አለች፤ የመንግሥት ትምህርት ቤቱ የሒሳብ አስተማሪ ናት። ሼሁን ስታይ ክው አለች። ሰላምታ ተሰጣጡና ትንሽ ስትቅበጠበጥ ቆይታ፦

«ሼህ፣ ልፈልግዎ እያልኩ እግሬ እምቢ ብሎኝ ነው የሰነበትኩት» አለች። «በፈተናው ዕለት የልጅዎ ክፍል ተቆጣጣሪ እኔ ነበርኩ።»

«የአላህ ፈቃድ ነው ልጄ። ወደቀች፣ አለቀ።»

«የጣላት የሠራችው አይደለም፤ ያልሠራችው ነው። ከመልስ ወረቀቱ ግማሽ ያህሉን ክብ ሳታጠቁር ተወችው። ስሰበስብ ‹ምነው?› ብላት ‹እርግጠኛ ያልሆንኩበት ነው፤ ያላወቁትን አውቃለሁ ማለት ውሸት ነው› ብላኝ ቁጭ!»

የሼሁ ፊት በራ። «ማሻአላህ! እንዲህ ነው ያስተማርኳት። እንግዲያ አልወደቀችማ!»

«ለእርስዎ አልወደቀችም። ለሚያርመው ማሽን ግን ወድቃለች። ማሽኑ ባዶ ክብ ሲያይ ‹ይቺ ሐቀኛ ናት› አይልም፣ ዜሮ ነው የሚለው።»

«እንግዲያ ማሽኑን አስተምሩታ!»

«ማሽን እንደ ቁርአን ተማሪ ደረሳ ይሆናል እንዴ ሼህ?» አልኩ፤ ሰው ጉዳይ ውስጥ ጥልቅ ማለት አመሌ ነው። ገላመጡኝና ወደ እሷ ዞሩ።

«እኛ ደረሳ ስንፈትን ፊታችን አስቀምጠን ነው። የቱ ጋ እንደደከመ፣ የቱ ጋ እንደፈራ ከዐይኑ እናውቃለን። የእናንተ ፈተና ልጄን ዐይኗን እንኳ አላየውም።»

ይህ ክርክር፣ እውነቱን ለመናገር፣ እኔን ረትቶኝ ነበር። ወጣቷ ግን አልተበገረችም።

«ልክ ነዎት፤ አያያትም። እኔ ደግሞ የምወደው ስለማያያት ነው። የማን ልጅ ናት፣ ከየትኛው ግቢ መጣች፣ ምን ለበሰች አይልም። የባለሥልጣኑ ልጅም የእርስዎም በአንድ ወረቀት ይለካሉ። ነገ ሐኪም ልሁን ብትል ሌላ በር የላትም።»

«በሩን የምታልፈው ሐቋን ደጅ ጥላ ከሆነ ይቅርባት! መገመት ውሸት ነው!»

እኔ ግን ሽማግሌውን ስንት ዓመት ያየሁ ሰው ነኝና ነገሩ የውሸት ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ጠረጠርኩ። ልጅቷ ካለፈች የምትገባበት ትምህርት ቤት ሩቅ ከተማ ነው። ማታ ማታ ከመድረሳው መስኮት ሁለት ጥላ አያለሁ፤ አንዱ ሲቀነስ ምን እንደሚመስል እኔ፣ ሚስቴን የቀበርኩት፣ አሳምሬ አውቀዋለሁ።

«ሼህ፣ አንድ የሃይማኖት ጥያቄ ልጠይቅዎ» አለች አስተማሪዋ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «መንገደኛ ነኝ። ጨልሟል፤ የምጠይቀው ሰው የለም፤ የምሰግድበት አቅጣጫ፣ ቂብላው፣ በየት በኩል እንደሆነ ጠፋኝ። የሶላት ሰዓት ሊያልፍ ነው። አላውቅም ብዬ ልተወው?»

«እንዴት ተደርጎ! ምልክት ትፈልጊያለሽ፤ ኮከቡን፣ ነፋሱን ታያለሽ። አቅምሽን ጨርሰሽ ወደመሰለሽ ትሰግጃለሽ።»

«ብሳሳትስ?»

«ፈልገሽ እስከሆነ ድረስ ሶላትሽ ሶላት ናት።»

«ዋሸሽ አልባልም?»

«ማን ነው እሱ ደፍሮ…» ብለው ጀመሩና ቃሉ አፋቸው ላይ ቀረ።

«ከአራቱ ምርጫ ሁለቱ እንደማይሆኑ አውቃ ከሰረዘች፣ መፈለግ ማለት ያ ነው» አለች ቀስ ብላ። «ወረቀቱ ‹በአላህ ማዪልኝ› አላላትም ሼህ። የቱ ይመስልሻል ነው ያላት።»

ሼሁ የጠብታዋን ብልቃጥ ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው ሲያዛውሩ ቆዩ። «ታዲያ ለምን አንቺ አልነገርሻትም?»

«ነገርኳት። ‹አባባ ካልፈቀደ አላደርገውም› አለች። የድጋሚ ፈተናው ምዝገባ ደግሞ በዚህ ሳምንት ይዘጋል።»

«ካለፈች ትሄዳለች» አሉ። ለማንም አልነበረም የተናገሩት።

«ትሄዳለች። እኔም ከእናቴ ርቄ ብቻዬን ነው የምኖረው። ይቀላል ብዬ አልዋሽዎትም።»

ሼሁ ብልቃጧን ኪሳቸው ከተው ወደ ዝናቡ ወጡ። ጃንጥላቸውን ባንኮዬ ላይ ረስተውት ነበርና ይዤ ተከተልኳቸው። ከመድረሳው በር ስደርስ ሸማቸው ከላያቸው ላይ ውሃ እያንጠባጠበ ልጅቷን ሲያናግሯት ሰማሁ፦ «ቂብላ እንደጠፋበት ሰው ፈልጊ፤ ከዚያ አጥቁሪ። ሳትፈልጊ ብታጠቁሪ ግን አልምርሽም።» ጃንጥላውን ደጃፉ ላይ አቁሜ ተመለስኩ።

ልጅቷ ተመዘገበች፣ ተፈተነች፣ በከፍተኛ ውጤት አለፈች፤ ወደ ሩቁ ከተማም ሄደች። ሼሁም ነገሩን በእሷ አላቆሙትም። አስተማሪዋ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ መድረሳው እየመጣች ሒሳብ ታስተምራለች፤ የመልስ ወረቀት አያያዝም ታለማምዳለች። የሸሹት ልጆች ከሰዓት በኋላ እየተመለሱ ነው፤ አንዱን ትምህርት ለማግኘት ሌላውን መጣል እንደማያስፈልግ ወላጆቻቸው አዩዋ። ቁርአን የሚቀራ ልጅ ከአገሩ ልጆች እኩል ተፈትኖ ሐኪምም ዳኛም ይሁን እላለሁ። ፈታኞቹም ቢሆኑ ያ ባዶ ክብ አንዳንዴ ስንፍና እንዳልሆነ ይወቁት።

ማታ ግን ልጆቹ ወደየቤታቸው ይሄዳሉ። መስኮቱ ላይ አንድ ጥላ ብቻ ይቀራል።

ሼሁ የስልኩ ቁጥር ስለማይታያቸው መድኃኒት ቤቴ መጥተው እኔ እደውልላቸዋለሁ። ባለፈው ድምፁን ከፍ አድርጌ ባንኮው ላይ አስቀመጥኩላቸው።

«አባባ፣ ቤቱን ለመድከው?» አለች ልጅቷ።

«አልለመድኩትም።»

«ትለምደዋለህ ግን?»

«አላህ ያውቃል» አሉ እንደ ልማዳቸው። ከዚያ በመስኮቱ አሻግረው ጨለማውን መድረሳ ብዙ አዩት፤ ወደ ስልኩም ጎንበስ አሉ።

«ግምቴን ከጠየቅሽኝ ግን፣ እለምደዋለሁ።»