የሞተ ባትሪ ዋጋ

ከወልድያ ወደ ላሊበላ በሚሄደው ሚኒባስ ኩልመስክ ላይ አንድ ቄስ ተሳፈሩ። ከፊቴ፣ ኮምፒውተር ከሚጠግን ወጣት ጎን ተቀመጡ። ሥራውን ጠየቁት፤ ሲነግራቸው ደስ አላቸው።

«እንግዲያስ ንገረኝ ልጄ፣ አሮጌ ላፕቶፕ ስንት ያወጣል?»

«ሊገዙ ነው አባቴ?»

«ወስጀዋለሁ። ላሊበላ ያለ አንድ ባለሆቴል ‹እንደ በቅሎ አንድ ሳምንት ቤትዎ ይሞክሩትና የመሰለዎትን ይክፈሉኝ› ብሎኝ ነው። ሳምንቱ ዛሬ ሞላ።»

«ምን ችግር አገኙበት?»

«ከመብራቱ ሲነቅሉት ወዲያው ድርግም ይላል።»

«ባትሪው ሞቷል። ከስምንት ሺህ ብር በላይ እንዳይከፍሉ።»

«እኔ አሥር ልሰጠው ነው።»

«ኧረ አባቴ! ሰው ዋጋ ወደ ላይ ይከራከራል እንዴ?»

«ስማኝማ። ቤታችን ሶኬት ያለው አንድ ቦታ ነው፤ እኔ የምቀመጥበት መደብ ራስጌ።»

«እሺ?»

«ታናሿ ልጄ ማታ ማታ ስልኳን ይዛ ጓዳ ነበር የምትገባው። ለራት እንኳ ሦስቴ ተጠርታ ነው የምትመጣ። አሁን የትምህርት ቤት ሥራዋን የምትጽፈው ከጎኔ ሆና ነው። ሳምንቱን ሙሉ ስታስቀኝ ከረመች።»

«ደስ ይላል። ግን እኮ ባትሪውን በርካሽ ልቀይርልዎት እችላለሁ።»

«ተው! አደራህን፣ እንዳትነካብኝ!»

ለልጄ ላፕቶፕ ከወልድያ ገዝቼ የመጣሁትን አዲስ ባትሪ ከጭኔ ላይ አንስቼ ቀስ ብዬ ወንበሩ ሥር ገፋሁት።