ክር ያሰሩት ጆይስቲኮች

ከአማኑኤል ከተማ ወደ ደብረ ማርቆስ ለሮቦት ውድድር ሄድን። እኔ የሮቦቱን ጎማ እነዳለሁ፤ የቡድን ጓደኛዬ ይበልጣል ክንዱን ያንቀሳቅሳል። አንዱ ጎማውን፣ ሌላው ክንዱን የምናዝባቸው ሁለት ጆይስቲኮች ግን መልካቸው ፍጹም አንድ ነው። ያሸነፈ ባሕር ዳር ይሄዳል ስለተባለ፣ እንዳንሳሳት ብዬ ጠዋት የኔዋ ላይ ጥቁር ክር አሰርኩ። ተራችን ደርሶ ቦርሳውን ስከፍት ሁለቱም ጥቁር ክር አስረዋል!

“ማነው ይሄን ያሰረው?”

“እኔ ነኛ!” አለ ይበልጣል ደስ ብሎት። “አንዷን ማተብ አስረሽላት ሌላዋ ባዶ አንገቷን ትቅረብ?”

“ማተብ አይደለም፣ ምልክት ነው! አሁኑኑ ፍታው!”

ስሜ ሲጠራ “አቤት” ማለት የምፈራው ልጅ፣ ሰው ሁሉ እስኪዞር ጮኽኩበት። እሱ ግን የደነገጠው “ፍታው” በማለቴ ነው።

“ማተብማ አይፈታም። ያንቺ ምልክት ከሆነ ያንቺን ፍቺው።”

“የኔዋ የቷ ናት ታዲያ?”

ሁለቱንም አገላብጦ አየና መልሶ አስቀመጣቸው። ከፊሽካ በፊት መሞከር ስለማይፈቀድ አንዷን በግምት አነሳሁ። ፊሽካው ተነፋ። ወደፊት ስገፋ ሮቦቱ ባለበት ቆሞ ክንዱን ወደ ላይ ሰቀለ። “እንቀያየር!” ስል ዳኛው “ከተጀመረ በኋላ ክልክል ነው” አሉ። ነድቶ የማያውቀው ይበልጣል ሮቦታችንን ወስዶ ከግድግዳ ጋር አላተመው። ክንዱ ተገነጠለ፤ ባሕር ዳርም በዚያው ቀረ።

ስብርባሪውን እየለቀምኩ እንባዬ ሲመጣ ይበልጣል አጠገቤ ቁጢጥ አለና ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

“አይዞሽ፣ ተመስገን በይ። ማተብ ባናስርላቸው ኖሮ ከዚህም ይብስ ነበር።”