የአሥራ ሁለት ሰዓቷ ክኒን

እ.ኤ.አ. በ2016 ሚያዝያ፣ አንድ ዓርብ ከቀትር በኋላ፣ አትላንታ ባለ አንድ ዩኒቨርሲቲ መኪናዬን ፓርክ አድርጌ ወደ ሊፍቱ ስሄድ አቶ ብርሃነመስቀልን ብቻቸውን ቆመው አገኘኋቸው። በዲቪ ከመጡ ሃያ ዓመት ያለፋቸው፣ ኮንየርስ ባለ መጋዘን የፈረቃ ኃላፊ የሆኑ፣ ቃላቸውን መዝነው የሚናገሩ ሰው ናቸው። እኔ ዱሉዝ ውስጥ ፋርማሲስት ነኝ፤ የእኅታቸውን የወይዘሮ ተናኘወርቅን የደም ግፊት መድኃኒት የምሰጠው እኔ ስለሆንኩ እንተዋወቃለን።

“ወይዘሮ ፈትያ፣ እግዜር ነው ያመጣዎት። ሚካኤላን ያስቁሙልኝ” አሉኝ።

ልጃቸው ሚካኤላ እዚያው የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ናት። ዕለቱ ተማሪዎች የሠሯቸውን ኦፕን ሶርስ ሶፍትዌሮች ለሕዝብ የሚያቀርቡበት ነበር፤ ኮዱ ለማንም የተከፈተ ነው፣ የፈለገ ያነበዋል፣ ያርመዋል፣ ወስዶም ይሠራበታል። የእርሷ ፕሮግራም የመድኃኒት ማዘዣ አንብቦ፣ እንግሊዝኛ ለማይችሉ ሰዎች ክኒኑ የሚዋጥበትን ሰዓት በእኛ አቆጣጠር፣ በአማርኛ፣ በስልካቸው ይናገራል። ቃላቱን ያየሁላት እኔ ነበርኩ።

“ለምን ትቁም?” አልኳቸው።

“የሁለት ዓመት ድካሟን በአደባባይ ልትበትነው ነው። ሙያ እኮ የሚከበረው በምስጢር ሲያዝ ነው። አባቴ ደብረ ታቦር የታወቁ መድኃኒት አዋቂ ነበሩ። ሥሩን እናቴ እንኳ አታውቀውም ነበር።”

“ዛሬ ያንን ሥር ማን ያውቀዋል?”

ሊፍቱ ውስጥ ገብተው ቁልፉን ተጫኑ። “አብሯቸው ተቀበረ” አሉ። “ግን ይህን ከዚያ ጋር አያነጻጽሩብኝ። ሌላው ወስዶ የራሱን ስም ቢለጥፍበትስ?”

“ስሟ እንዳይፋቅ በኮዱ የአጠቃቀም ፈቃድ ላይ ተጽፏል።”

“ወረቀት ማንን ከልክሎ ያውቃል? እኛ መጋዘን ስም የተጻፈበት ስንት ካርቶን ይጠፋል።”

ሊፍቱ ተከፈተና ወጣን። የያዛቸው ስስት አልነበረም፤ ልጄ ተበላች የሚል የአባት ስጋት ነበር። እንዲህ ያለው ስጋት ደግሞ በምክር ብቻ አይለቅም።

አዳራሹ ስንደርስ ሚካኤላ ተራዋን እየጠበቀች ነበር።

“አባዬ፣ ፕሊስ፣ አሁን አይደለም” አለች።

“አሁን ካልሆነ መቼ? ከተከፈተ በኋላ ይዘጋል?”

“ኦልሬዲ ክፍት ነው። ከጥር ጀምሮ።”

ፊታቸው ጠቆረ። “ሳትነግሪኝ?”

“ብነግርህ እሺ አትለኝም ነበራ።”

ስሟ ተጠራ። እርሷ ወደ መድረኩ ስትወጣ እርሳቸው እጃቸውን አጣምረው ከኋላ ቆሙ። ጥሩ አድርጋ አቀረበች፤ ሰውም አጨበጨበላት። ጥያቄ ሲጀመር ሊን የምትባል ቬትናማዊት ተማሪ ተነሣች።

“ኮድሽን አነበብኩት” አለቻት በእንግሊዝኛ። “የእናንተን ሰዓት ለማግኘት ከእኛው ላይ ስድስት ትቀንሻለሽ። በእኛው ስድስት ሰዓት ላይ ግን ዜሮ ይመጣል። ፕሮግራሙ ዜሮን ‘ሰዓት አልተሰጠም’ ብሎ ስለሚወስድ ዝም ይላል።”

ሚካኤላ እዚያው መድረኩ ላይ ስልኳን አውጥታ ሞከረች። በፈረንጆቹ ከምሽቱ ስድስት፣ ማለትም በእኛ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሞላችው። ስልኩ ዝም አለ። ደግማ ሞከረች፤ አሁንም ዝም።

“አዋረደቻት። መክፈት ያመጣው ይሄው ነው” አሉ አቶ ብርሃነመስቀል በሹክሹክታ። ወዲያው ግን ክንዴን ያዙኝ። “የተናኜ ክኒን ስንት ሰዓት ነው?”

“ከምሽቱ አሥራ ሁለት” አልኩ፤ ስናገረው እኔም ደነገጥኩ። ቃላቱን አንድ በአንድ ሳይ ሰዓቶቹን አልሞከርኳቸውም ነበር።

“ፕሮግራሙን ስልኳ ላይ ከጫንንላት ሁለት ሳምንት ሆነ። እሑድ ክኒኑ ተርፎ አየሁና ‘እርጅናሽ ነው’ ብዬ ተቆጣኋት። ስልኩ አልጠራኝም ስትለኝ አላመንኳትም።”

ወደ ኮሪደሩ ወጥተን ደወሉ፤ አልተነሣም። ሁለተኛም አልተነሣም። በሦስተኛው ወይዘሮ ተናኘወርቅ አነሡት፤ ራሴን ከብዶኛል ብለው ተኝተው ነበር። ስልኩን ተቀብዬ ግፊታቸውን በመለኪያው እንዲያዩ አደረግሁ፤ በጣም ከፍ ብሏል። ለሐኪማቸው ደወልኩ፤ አሁኑኑ ይምጡ አለ፤ ወንድማቸው ደውለውላቸው ጎረቤታቸው ወይዘሮ ሸዋነሽ ወሰዷቸው። ከዚያ አርባ ደቂቃ አግዳሚ ወንበር ላይ ጠበቅን። ከመድረኩ ወርዳ የተከተለችን ሚካኤላ ከአባቷ አጠገብ እያለቀሰች ነበር። በመጨረሻ ወይዘሮ ሸዋነሽ ደወሉ፤ ደርሰንላታል፣ ግፊቱ እየወረደ ነው አሉ።

አቶ ብርሃነመስቀል ትንፋሻቸው ሲመለስ ሊንን አስጠሯት።

“ልጄ፣ አማርኛ አታውቂ፤ ምን ብለሽ አነበብሽው?” አሏት፤ ሚካኤላ አስተረጎመች።

“ቡፎርድ ሃይዌይ አጠገብ የምትኖር አያት አለችኝ” አለች። “ወደ ቬትናምኛ ልመልሰው ለእኛ የማያስፈልገውን የእናንተን ሰዓት ክፍል ላወጣ ስል መስመር በመስመር አነበብኩት።”

ስልኳን ዘርግታ የራሷን ሥራ አሳየቻቸው። ከአናቱ ላይ፣ ከእርሷ ስም በፊት፣ “ሚካኤላ ብርሃነመስቀል” የሚል ተጽፏል። ስማቸውን በጣታቸው እየተከተሉ ሁለት ጊዜ አነበቡት።

“ተዘግቶ ቢሆን ይህን ስሕተት ማን ያየው ነበር?” አልኳቸው። “ሚካኤላም እኔም አላየነውም።”

“ክፍት በር ሌባ ብቻ የሚያስገባ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ጎረቤትም የሚገባው በእሱ ነው” አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። “ስሕተትሽን በሰው ፊት ሲነግሩሽ አፈርኩ። ማፈር የነበረብኝ ግን እኅቴን ሳላምናት የቀረሁ ዕለት ነው። ዛሬውኑ ይቅርታ እጠይቃታለሁ።”

አንባቢ ሆይ፣ እውቀትን ደብቆ መያዝ ክብር ይመስለናል። የተደበቀ እውቀት ግን ስሕተቱም አብሮት ይደበቃል፤ ባለቤቱ ሲሞት ደግሞ ሁለቱም ይቀበራሉ። የተከፈተ ሥራ ብዙ ዓይን ያየዋል፤ አንዱ ያርመዋል፣ ሌላው ለአያቱ ይወስደዋል፣ የጀመረው ሰውም ስሙ አይጠፋም። መታረም በአደባባይ ሲሆን ያማል፤ ሕመሙ ግን ያልፋል፣ ወይዘሮ ተናኘወርቅን የመሰሉ ሰዎች ደግሞ ይተርፋሉ።

ሁለቱ ልጃገረዶች ኮሪደሩ ላይ ኮምፒውተራቸውን ከፍተው ስሕተቱን አረሙት። አቶ ብርሃነመስቀል ወንበር ስበው አጠገባቸው ተቀመጡና መነጽራቸውን አደረጉ።

“ኮድ አላውቅም፤ ሰዓት ግን አውቃለሁ” አሏት ሚካኤላን። “በይ ከአንድ ጀምሪ። ሃያ አራቱንም ሳልሰማ አልነሣም።”