ከተረከዝ እስከ ጣፊያ

በጃንሆይ ጊዜ ነው። ከነቀምት ወደ ጉቴ በሚሄድ አውቶቡስ ውስጥ፣ አንድ ነጋዴና እግሯ በፋሻ የተጠቀለለ ሴት ከኋላዬ ተቀምጠው ያወራሉ።

«አዴ፣ እግርዎን ምን አገኘው?»

«ነቀርሳ ነው፣ ጋሼ። ተረከዜ ላይ እንደ ጥቁር ነጥብ ወጣ፤ አሁን ጣፊያዬ ገብቷል።»

«ከእግር ተነስቶ ጣፊያ?»

«ሐኪሙ በደም ይሄዳል አለኝ። ጣፊያ ደም የሚያጣራ ነው፤ እዚያ ሲደርስ ተቀመጠ።»

«መድኃኒት የለውም?»

«ዘግይተሻል፣ እዚሁ ተኚ አለኝ። ትቼው ወጣሁ።»

«ለምን?»

«የባሌ ወንድሞች እናቷ አትተርፍም ብለው ልጄን ከትምህርት ቤት አስወጧት። የፊታችን እሑድ ሊድሯት ነው። ገና አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው።»

«አባቷስ?»

«ሞቷል።»

«እንግዲህ ብቻዎን ምን ያደርጋሉ?»

«ይዣት እመለሳለሁ። እኔን ሳይቀብሩ ልጄን አይድሩም።»

«በዚህ እግርዎ?»

«ነቀርሳው ማንንም ሳያስፈቅድ ከተረከዜ ጣፊያዬ ድረስ ሄዷል። እኔ ጉቴ ደርሶ መመለስ ያቅተኛል?»



ጉቴ ስንደርስ ሴትዮዋ በከዘራ ተደግፋ ስትወርድ፣ እኔ ሳላስበው ባርኔጣዬን አውልቄ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩ።