ሙንዚር የት ይደር?

ወላሂ፣ የዚያን ዕለት ከኮምቦልቻ መናኸሪያ ስሳፈር ከማንም ጋር የመጣላት ሐሳብ አልነበረኝም። ከምሠራበት ጤና ጣቢያ የሦስት ቀን ፈቃድ አግኝቼ፣ ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ሐጂ ዘይኑልአቢዲን ቤት ለልጃቸው ሰርግ መሄዴ ነበር። አዋላጅነት ስማር ግቢያቸው ውስጥ ሦስት ዓመት ተከራይቼ ስለኖርኩ እንደ ልጃቸው ነው የሚያዩኝ። ሚኒባሱ ውስጥ ሙቀቱ አላስቀምጥ ቢለኝ መስኮቱን ጣት በምታህል ከፈት አደረግሁት።

«ዝጊው እስቲ ልጄ፤ ሕፃን ይዘናል» አሉኝ አጠገቤ የተቀመጡት እናት።

ዞር ብዬ ሕፃኑን ብፈልገው አጣሁት። ከእሳቸው ወዲያ በተቀመጠችው ወጣት ጭን ላይ የሚታየው አንድ ትልቅ የልብስ ጥቅል ብቻ ነው።

«ሕፃኑ የታለ?»

«ይኸውልሽ!» ብለው ጥቅሉን መታ መታ አደረጉት። «ሙንዚር ይባላል፤ የልጄ ልጅ ነው፤ አራት ወሩ። ይቺ እናቱ ናት፣ ምራቴ ፋኢዛ።»

«ማሻአላህ! ግን እማማ፣ በዚህ ሙቀት ይህ ሁሉ ልብስ ለምኑ ነው?»

«ደሴ እኮ ነው የምንወጣው! የደሴን ብርድ አታውቂውም መሰለኝ።»

መስኮቱን ዘጋሁት። የሐረጎን ዳገት መውጣት ስንጀምር እማማ ጣይባ፣ ሴትዮዋ እንዲህ ነበር የሚባሉት፣ ከዘንቢላቸው ጋቢ መዘው ደረቡበት። ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ፎጣ ጨመሩ። በየመታጠፊያው እንዲህ ሲጨምሩበት፣ ደሴ ስንደርስ ይህን ልጅ የሚያወርደው ወዛደር ነው ብዬ ተስፋ ቆረጥኩ።

አላስችል ቢለኝ እጄን በልብሱ ሥር ሰድጄ አንገቱን ነካሁት። «እማማ፣ ልጁ እኮ በላብ ርሷል!»

«ላብ ጤና ነው» አሉኝ።

ይህ የኛ የኮምቦልቻ ሰዎች አመል ነው፤ ደሴ መውጣት ሲባል በረዶ አገር የምንሄድ ይመስለናል። ፋኢዛን የት እንደሚያድሩ ስጠይቃት «ሐጂ ዘይኑልአቢዲን ቤት፤ የእማማ የአክስት ልጅ ናቸው» አለችኝ። ያረቢ! ሁለት ሌሊት ከእኚህ ሴትዮ ጋር!

ሐጂ እንግዳ አክባሪ ናቸው፤ ሲያከብሩ ደግሞ ልክ አያውቁም። ቤቱ ከኩታበርና ከገራዶ በመጣ ዘመድ ሞልቶ ሳለ፣ የራሳቸውን መኝታ ክፍል ለእማማ ጣይባና ለምራታቸው ለቀቁላቸው። ከእራት በኋላ ደህና እደሩ ልላቸው ብቅ ብል ያየሁትን ማመን አቃተኝ። አልጋው ሰው ሲቀመጥበት ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ነው። ሙንዚር በአያቱና በእናቱ መካከል በሆዱ ተደፍቷል፤ አራት ትራስ ዙሪያውን ከቦታል፤ ነብር የተሳለባቸው ሁለት ከባድ ብርድ ልብሶች እስከ ራሱ ተጭነውበታል። ከአልጋው ግርጌ ማንደጃ ሙሉ ከሰል ቀልቷል። መስኮቱ ተዘግቶ ስንጥቁ እንኳ በጨርቅ ተወትፏል።

«ምነው እናንተ! ይህን ልጅ ልትገድሉት ነው?»

ምክር እንዲህ ተብሎ እንደማይጀመር አውቃለሁ። ስልጠና ላይ «በፈገግታ ጀምሩ» ብለውናል። ያን ያሉት ሰዎች ግን ያን ክፍል አላዩትም።

«አንቺ ልጅ፣ አፍሽን በኸይር ክፈቺ!» ብለው ተነሡብኝ እማማ ጣይባ።

ጩኸቱን ሰምተው ሐጂ መጡ። «ሙና፣ ምንድን ነው? እንግዶቼን ምን አድርገውሽ ነው?»

«ሐጂ፣ መጀመሪያ ይህ ከሰል ይውጣ።»

«ጭሱ አልቆ ነው እኮ የገባው። ፍም ብቻ ነው።»

«ጭሱ ቢያልቅ መርዙ አያልቅም። አይታይ፣ አይሸት። በር ዘግቶ ከሰል አጠገቡ አድርጎ የተኛ ሰው ራሱን እንኳ ሳያመው በዚያው ይቀራል። ትልቅ ሰው እንዲህ ከሆነ አራት ወር ሕፃን ምን ይሆናል?»

ሐጂ ጥቂት አሰቡና ማንደጃውን ራሳቸው አንሥተው አወጡት። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ደስታዬ ግን እስኪመለሱ ብቻ ነው የቆየው።

«በይ ከሰሉ ወጣ። አሁን ልጁ እንዳይበርደው ሌላ ብርድ ልብስ ላምጣ» አሉ።

«ሐጂ! የለበሰውም ሊቀነስለት ነው እኔ የምለው! ሕፃን ከተጨነበት ልብስ ወጥቶ መተንፈስ አይችልም፤ እጁ ገፍቶ አይጥለውም። ብርድ ከፈራችሁ አልብሱት፣ አትጫኑበት። አንድ የጥጥ ልብስ፣ ከላዩ ሹራብ፣ እግሩ ላይ ካልሲ። መሞቁን አንገቱን ነክታችሁ እወቁ። ፊቱ ግን ሁልጊዜ የተገለጠ ይሁን።»

«በሆዱ መተኛቱስ ምን አደረገሽ?» አሉ እማማ ጣይባ። «በጀርባው አስተኝተነው ሲያስመልሰው ትን ይበለው? ያንቀው?»

ይህን ጥያቄ በሳምንት ሃያ ጊዜ እመልሳለሁ። «እማማ፣ በጀርባው ሲተኛ የአየሩ ቧንቧ ከላይ ነው፣ የምግቡ ከታች። ያስመለሰው ወደ ታች ይመለሳል እንጂ ወደ ላይ አይወጣም። በሆዱ ሲደፋ ግን የአየሩ ከሥር ይሆናል፤ አፍንጫውም ፍራሹ ውስጥ ይቀበራል።»

«ቧንቧ ውሃ ተቀምጠን ይህን ማጣታችን!» አሉ ሐጂ ፈገግ ብለው። «ውሃ ሽቅብ አይፈስማ።»

«አንተ ደግሞ ቶሎ ትታለላለህ ዘይኑ» አሏቸው እማማ ጣይባ። ሰፈሩ ሁሉ «ሐጂ» የሚላቸውን ሰው «ዘይኑ» የሚሉ እሳቸው ብቻ ናቸው።

እስካሁን ዝም ያለችው ፋኢዛ አንገቷን እንደደፋች ተናገረች። «ቤት እኮ ለብቻው ነው የሚተኛው። አባቱ ከጣውላ ትንሽ አልጋ ሠርቶለታል። እዚህ ስንመጣ ግን… እንግዳ ሆነን እንዴት ብዬ…»

ይኸው ነው የሚያናድደኝ! ሰው እንግድነት ሲሄድ ጋቢውን፣ ፎጣውን፣ ቅቤውን ተሸክሞ ጥንቃቄውን ቤቱ ቆልፎበት ይመጣል። ልጁ ግን ያው ልጅ ነው፤ አየሩም ያው አየር። እንዲያውም በእንግድነት አዳር አደጋው ይብሳል፦ አልጋው የሰው ነው፣ ክፍሉ አይታወቅም፣ እናት ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሽንኩርት ስትከትፍ ውላ እንደ ድንጋይ ነው የምትተኛው። ሰርግ ቤት የደከመ ሰው ከጎኑ ያለውን ቢጫን አይሰማውም።

«ታዲያ የት ይደር?» አለች ፋኢዛ።

«መሬት። ደልደል ያለ ነገር ተነጥፎለት፣ ለብቻው፣ አንቺ እጅሽ በሚደርስበት።»

ሐጂ ፈገግታቸው ጠፋ። «መሬት? እንግዳ? በኔ ቤት?»

«ከመሬት አይወድቅ፣ ማንም አይጫነው…»

«ተይ እንጂ ሙና! ነገ ኩታበር ድረስ ይወራል እኮ። ‹ዘይኑልአቢዲን የእትዬ ጣይባን የልጅ ልጅ እንደ ድመት መሬት ላይ አስተኛው› ሊባልልኝ ነው?»

«ሐጂ፣ ወሬው ነው ወይስ ልጁ የሚበልጥብዎ?»

«ተዋት!» አሉ እማማ ጣይባ። «ቀለም ቆጠርኩ ብላ ነው። እኔ ሰባት ልጅ በጉያዬ አሳድጌያለሁ። ሰባት! አንድም አስተማሪ አልመጣብኝም።»

እኔም ብግን ብዬ ነበርና «ስንት ወልደው?» አልኳቸው።

ከአፌ እንደወጣ ጠላሁት። ሐጂ ዐይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ።

«ዘጠኝ» አሉ እማማ ጣይባ። «አንዱን ኩፍኝ ወሰደብኝ። ሩቅያን ግን…» ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። «ገራዶ ለለቅሶ ሄደን ነው። ሦስት ሴቶች አንድ መደብ ላይ አደርን። እንዳይበርዳት ብዬ መካከላችን አደረግኳት። ለሱብሂ ሶላት ስነሳ ቀዝቅዛለች። ለቅሶ ቤት ዓይን በልቷት ነው አሉኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ዓይን ነው ብዬ ኖርኩ። አሁን አንቺ ትመጪና… ያልሽው ልክ ከሆነ፣ ማን ገደላት? እስቲ ንገሪኝ! ማን ነው ልጄን የገደላት?»

አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ፤ ቁጣዬ የት እንደገባ እንጃ፣ አፍሬ ነበር።

«አላውቅም እማማ» አልኳቸው። «ያን ሌሊት የሆነውን ዛሬ ማንም ሊያውቅ አይችልም፤ ሐኪምም ቢሆን። ብቻዋን ተኝታም በድንገት የምትሞት ሕፃን አለች። እርስዎ ያቀፏት እንዳይበርዳት ብለው ነው። የነገረዎት ሰው አልነበረም። ስለ አነጋገሬ አፉ ይበሉኝ።»

«እትዬ» አሉ ሐጂ ቀስ ብለው፣ «አላህ ባላወቅነው አይይዘንም። ባወቅነው ግን ይጠይቀናል።»

እማማ ጣይባ ሁለቱን ብርድ ልብሶች ከልጁ ላይ ገለጡ። ሙንዚር ፀጉሩ በላብ ግንባሩ ላይ ተለጥፏል፤ ፊቱ ቀልቷል። በመዳፋቸው ጠረጉትና በጀርባው አገላበጡት። በረጅሙ ሲተነፍስ ሁላችንም ሰማነው።

«ሙንዚር ማለት አስጠንቃቂ ማለት ነው ብለህ ስሙን ያወጣህለት አንተ አይደለህም?» አሉ ወደ ሐጂ ዞረው። «ታዲያ ምን ቆመህ ታየኛለህ? መሬቱን አሰናዳ!»

«እትዬ፣ እንዲያው ክብር…»

«ክብርህን አንጥፈህ ራስህ ተኛበት! እኔ ልጄን በደህና አሳድርልኝ ነው ያልኩህ!»

እኔ ስንት ሰዓት ለፍቼ ያልሆነልኝን በአንድ ቃል ጨረሱት። ሐጂ ወጡና ከአፍታ በኋላ ከመካ ያመጡትን ወፍራም የመስገጃ ስጋጃ ታቅፈው ተመለሱ። ለሁለት አጥፈው እጥፋቱን በእጃቸው እየዳሰሱ አስተካከሉት።

«ማንም መሬት ተኛ እንዳይለኝ» አሉ። «እንግዳዬ የመካ ስጋጃ ላይ ነው ያደረው።»

«ቢሸናበትስ?» አለች ፋኢዛ ደንግጣ።

«ከጡት በቀር ያልቀመሰ ወንድ ልጅ አይደለም እንዴ? ውሃ ይረጭበታል፣ በቃ። ሸሪዓው እንኳ ለእሱ አቅልሎለታል፤ እኛ ነን የከበድንበት።»

አንድ ቀጭን አንሶላ በስጋጃው ላይ ወጥረን ጠርዙን ከሥሩ አጠፍነው። ትራስ አላደረግንም። ሙንዚርን ሹራቡን አልብሰን በጀርባው አስተኛነው። ፋኢዛ «እኔም ከልጄ አልለይም» ብላ አንድ ክንድ ያህል ራቅ አድርጋ ለራሷ ፍራሽ አነጠፈች። ሁለተኛ እንግዳቸው መሬት ሲወርድ ያዩት ሐጂ ያሉትን ባልጽፈው ይሻላል።

ለሱብሂ ስንነሳ ሙንዚር ነቅቶ እግሩን ያወራጫል። እማማ ጣይባ አጠገቡ ቁጭ ብለው ዐይናቸው ደም መስሏል። «ደረቱን ስዳብስ አደርኩ» አሉኝ። «አንድ ጊዜ እንኳ አላለቀሰም። ቤቱ ያለ ነው የመሰለው።» ለምን አልተኙም ብዬ ልቆጣ ነበር፤ ተውኩት።

እሁድ ወደ ኮምቦልቻ ስንመለስ አብረን ተሳፈርን። ሐረጎን መውረድ እንደጀመርን እማማ ጣይባ እኔን ሳይጠይቁ መስኮቱን ከፈቱት።

«ኧረ ዝጉልን፣ ሕፃን ይዣለሁ!» አለች ከኋላችን አንዲት ሴት። ዞር ብል ጭኗ ላይ ያው የማውቀው ዓይነት ጥቅል አለ።

እማማ ጣይባም ዞሩ። «የት ነው የምታድሪው ልጄ?»

«ኮምቦልቻ፣ እህቴ ቤት።»

«በይ ስሚኝ። በጀርባው አስተኚው። ለብቻው ይሁን፤ ደልዳላ ነገር ላይ፣ መሬትም ቢሆን፣ አንቺ አጠገቡ። ትራስ የለ፣ ብርድ ልብስ የለ፣ ከሰል የለ። ፊቱን አትሸፍኚው። እህትሽ ‹እንግዳ መሬት አይተኛም› ብላ ብትቆጣ ይቅርታ በያት፤ ስትነሺ ልጅሽን በደህና ታገኚዋለሽ። እሱም ሳያልበው ይተኛል፣ አንቺም ልጄን ተጫንኩት ይሆን ሳትይ ታርፊያለሽ። ቤት ስታድሪም እንግዳ ስትሆኚም ያው ነው። ልጅ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው የሚተነፍሰው።»

እኔ ሳምንት ሙሉ የምጮኽበትን ሐረጎ ወርደን ሳንጨርስ አደረሱት፤ ያውም የኔን ንግግር የራሳቸው አድርገው።

ሴትዮዋ ግን በቀላሉ የምትረታ አልነበረችም። «ይህን ሁሉ የሚያውቁት እማማ ስንት ልጅ አሳድገው ነው?» አለች፣ የመፈተን ያህል።

ሰባት ይላሉ ብዬ ጠበቅሁ።

«ዘጠኝ ወለድኩ፣ ሰባት አሳደግሁ» አሉ። «አንዷ ሩቅያ ትባል ነበር።»

ሴትዮዋ ጋቢውን ከሕፃኗ ፊት ላይ ገለጠችው።