ሴት ልጅ ሰው ቤት አታድርም

ዓርብ ከሰዓት፣ ሚኒሶታ ውስጥ የፈረንጅ ልጆች በሚበዙበት አንድ የግል ትምህርት ቤት በር ላይ፤ ባልና ሚስት መኪና ውስጥ ሆነው መንታ ልጆቻቸውን፣ ናሆምንና አርሴማን፣ ይጠብቃሉ።

ወይንሸት፦ እኔ አላስገድዳትም ደረጀ። አርሴማ ከሰኞ ጀምሮ እዚህ ትምህርት ቤት አልሄድም ካለች አትሄድም።

ደረጀ፦ ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ሲባል አልሰማሽም? የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ናት ወሳኟ?

ወይንሸት፦ የምትማረው እሷ ናት።

ደረጀ፦ ናሆምስ? አንድ ቀን ተወልደው አንድ ቀን የገቡ ልጆች! እሱ ግቢው ሁሉ ወዳጁ ነው። እሷ ግን ኩርፊያ ትወዳለች። ትንሽ ፈገግ ብትል ምን ይጎድልባታል?

ወይንሸት፦ እሱን ኳስ ስለሚችል ነው የከበቡት። ፀጉሩን እንኳ “ሲያምር!” እያሉ ይደባብሱታል። የሷን ሹሩባ “ይታጠባል ወይ?” ብለው ጠየቋት። እሱ ሲቀልድ ይስቃሉ፤ እሷ መልስ ስትሰጥ “ቁጡ ናት” ትባላለች። ያውም በአስተማሪዋ።

ደረጀ፦ ትቻላ! እኛ ስንቱን ችለን የለ?

ወይንሸት፦ ምሳዋን ለብቻዋ እየበላች ሁለት ዓመት ቻለች እኮ።

ደረጀ፦ ወንድሟ እያለ?

ወይንሸት፦ ወንድሟ ከኳስ ጓደኞቹ ጋር ነው። እነሱ እሷን አጠገባቸው አያስቀምጡም፤ እሱም ደፍሮ አይጠራትም።

ደረጀ፦ ከሴቶቹስ አንዲት ጠፋች?

ወይንሸት፦ አንዲት ነበረች። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ደረጀ፦ ማን ወጋት ደግሞ?

ወይንሸት፦ እንደገቡ ሰሞን ክሌር የምትባል ልጅ ለልደቷ ጠራቻት። ሴቶቹ ሁሉ እዚያው ያድራሉ። ልጅህ ቦርሳዋን አንግታ በር ላይ ስትቆም ምን አልካት?

ደረጀ፦ ... ሴት ልጅ ሰው ቤት አታድርም። ማንም አባት የሚለውን ነው ያልኩት!

ወይንሸት፦ በሳምንቱ ናሆምን ራስህ ነድተህ ጓደኛው ቤት አሳደርከው።

ደረጀ፦ ወንድ ነዋ!

ወይንሸት፦ አዎ፣ ወንድ ነው። ለሱ በማድላትስ ከፈረንጆቹ ጋር ተስማምታችኋል። ክሌር “ንቃኝ ነው የቀረችው” አለች። ከዚያ ወዲህ የጠራት የለም።

ደረጀ፦ አንቺስ? ያን ቀን አፍ አልነበረሽም?

ወይንሸት፦ ነበረኝ። “አባትሽ ልክ ነው” ያልኳት በዚሁ አፌ ነው። እንቅልፍ የነሳኝ ምን ይመስልሃል?

ደረጀ፦ እሷ ለምን አትነግረኝም? እኔ አውሬ ነኝ?

ወይንሸት፦ “አባዬ በኔ ምክንያት ነው ብሎ ያዝናል” ብላ እንዳልነግርህ አስምላኝ እኮ ነው። “ትምህርቱ ከበዳት በይው” አለችኝ።

ደረጀ፦ በሒሳብ ክፍሉን የምትመራ ልጅ?

ወይንሸት፦ አንተ ከምታዝን፣ ሰነፍ መባሉን መረጠች። ... ይኸው፣ እየመጡ ነው። ምን ልበላት?

ደረጀ፦ ምንም አትበያት። የት መማር እንደምትፈልግ እኔው ወርጄ እጠይቃታለሁ። እኔ የመረጥኩላትን አይታዋለች።